የመጫወቻ ባቡሩ ካርቶን

ከውጭ የሚመጣ መጫወቻ ብርቅ በሆነበት በደርግ ጊዜ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከቤታችን በታች ባለች ሱቅ መደርደሪያ ላይ የመጫወቻ ባቡር ካርቶን ነበረ። ልጄ ማርታ ሳታየው አታልፍም። የሰፈሩ ልጆችም ሊያዩት ይገቡና ከረሜላ ገዝተው ይወጣሉ። እኔ ልግዛላት ስል ግን ባለሱቁ ጋሽ ታደሰ፣ "አይሸጥም" ይሉኛል።

አንድ ቀን ማርታን ይዤ ስገባ አላስችል አለኝ። "የማይሸጥ ከሆነ ለምን አስቀመጡት?" አልኳቸው።

ግራ ቀኙን አይተው ካርቶኑን አወረዱና ከፈቱልን። ባዶ ነው! ማርታ ታለቅሳለች ብዬ ስሳቀቅ፣ አንገቷን አስግጋ ውስጡን አየችና፣

"ባቡሩ ሄደ እንዴ?" አለች።

ጋሽ ታደሰ ትንሽ እንኳ አልደነገጡም።

"አዎ የኔ ልጅ፣ ድሬዳዋ ሄዷል። እስኪመለስ ከረሜላ እየገዛሽ ጠብቂው።"