ለሰይድ የሞቀው ውሃ

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወንድሜ ሰይድ መርሳ ላይ ገላው ሳይታጠብ፣ በደሙና በለበሰው ልብስ ተቀበረ። ይህ የተደረገው በአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፤ ሰውየውም ጎረቤታችን አያ ይመር ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ የደረሰኝ ደብዳቤ በመታሰቢያው ቀን የሰይድ ስም ሲዋጉ ከወደቁት ጋር እንደሚነበብ፣ አሟሟቱንም እሳቸው ለሕዝብ እንደሚናገሩ ይገልጻል።

ያን ክረምት የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ይዤ ከወልድያ ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ጦርነቱ ሲቃረብ መብራት ጠፋ፤ ቧንቧውም ደርቆ ውሃ ከወንዝ እንቀዳ ጀመር። የቀረን ሟቹ አባቴ ከበርሜል ያሠራው የእንጨት ቦይለር ነበር፤ ከሥሩ ምድጃ፣ በመካከሉ የጭስ ቱቦ፣ በጎኑ ቧንቧ ያለው። መርሳ ሞቃት አገር ናት፤ በክረምት እንኳ ዝናቡ ሲያባራ ወበቁ ከጭቃው ይነሣል። ስለዚህ ቦይለሩ የሰፈሩ መሳቂያ ነበር። እኔን ግን የወልድያ ብርድ በሙቅ ውሃ መታጠብ አስለምዶኛል።

ያን ቀን ጠዋት እንጨት አለቀ። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ውሃ ካልሞቀልኝ ጠጉሬን አልነካውም።»

የሁለት ዓመት ታላቄ የነበረው ሰይድ የዘይቱን ፍሬ እየገመጠ ሣቀብኝ። «ዶክተሯ፣ አገር እየነደደ አንቺ ውሃው ቀዘቀዘ ትያለሽ?»

«ወሬህ ውሃ አያሞቅም፤ ተነሥ።»

«እማ፣ ይችን ልጅ ማን ሊያገባት ነው?»

መጥረቢያችንን አንሥቶ ከአያ ይመር ጋር ወደ ወንዙ ዳር ወጣ። እጀታው ተሰንጥቆ ስለነበር አባቴ በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞታል። ሌላ ሰው አብሯቸው አልነበረም።

ከቀትር በፊት ተኩስ ተሰማ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰዎች በአልጋ ተሸክመው አመጡት። እናቴ አላለቀሰችም። «ውሃው ይሙቅ» አለችኝ። «ልጄን በቀዝቃዛ አያጥቡት።» እንጨት ስላልነበረ በመጀመሪያ የማንጎ ሣጥኖቹን፣ ቀጥሎ የአባቴን የመጻሕፍት መደርደሪያ ሰባብሬ ማገድኩ። በዚያ ወበቅ ምድጃው ፊት ተንበርክኬ ቱቦው እስኪግል አነደድኩ። ውሃው ሞቀ።

ሼኹ ጀናዛውን ሊያሳጥቡ ሲነሡ፣ «እንዴት ነው የሞተ?» ብለው ጠየቁ።

አያ ይመር ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ከተዋጊዎቹ ጋር ቆሞ ሲተኩስ ነው» አሉ።

«ወላሂ በሉ።»

«ወላሂ።»

«እንግዲያስ ሸሂድ ነው፤ ሲዋጋ የወደቀ አይታጠብም። ጌታውን በደሙ ይገናኝ።»

ወንዶቹ ይዘውት ወጡ። እኔና እናቴ ከቦይለሩ አጠገብ ቀረን። ያን ውሃ ሊያፈስሰውም ሊታጠብበትም የደፈረ አልነበረም፤ በበርሜሉ ውስጥ ቀስ በቀስ በረደ። ጠጉሬም እንዳደፈ ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን ለለቅሶ የተዋስነውን ምንጣፍ ልመልስ አያ ይመር ግቢ ገባሁ። እጀታው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመው መጥረቢያ ግድግዳቸውን ተደግፎ ቆሟል። ሰይድ መጥረቢያ እንደያዘ ከወደቀ በእጁ ጠመንጃ አልነበረም፤ ግን አልጠየቅኳቸውም። እናቴን ደግፎ ያቆማት «ሸሂድ» የሚለው ቃል ብቻ ስለነበር ልነጥቃት አልቻልኩም። ባለፈው የረጀብ ወር እሷም ሞተች። በዚያው ቦይለር ባሞቅሁት ውሃ ዐጠብኳት፤ ከእንግዲህ ዝምታዬ የሚጠብቀው ሰው የለም።

አያ ይመር ያን ቃል የተናገሩት ጥለውት ስለሸሹ ይሁን ወይስ ለእናቴ አዝነው፣ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ ሰይድ ሲዋጋ ከወደቀ፣ ለእንጨት የላክሁት እኔ ነጻ ነኝ። እንጨት ሲቆርጥ ከወደቀ ግን የገደለው ጠጉሬ ነው፤ የመጨረሻ መብቱ የሆነውን ትጥበትም ተከልክሏል። ምስክርነታቸው የሚጠቅመው እኔን ነው። ያልተቀበልኩትም ስለዚሁ ነው።

አያ ይመር፣ ሕዝብ ፊት ከመቆምዎ በፊት ለአንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። መጥረቢያውን ከሰይድ እጅ የወሰዱት ከመውደቁ በፊት ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ?