ዓይኔን ያቆሰለው የዓይን ማዝ አልነበረም

ሕመሙ የጀመረኝ ጨፋ ላይ ማሽላ ስናበጥር ነው። ቀና ስል የፀሐይዋ ብርሃን ቀኝ ዓይኔን ወጋኝ። "ኢጃ ኮ! ዓይኔን!" ብዬ ተቀመጥኩ። ገለባ የገባብኝ መስሎኝ በውሃ አጠብኩት። አልተወኝም። በሳምንቱ ግራው ተከተለ። ከሚሴ ገበያ ላይ የማውቀውን ሰው በድምፁ ካልሆነ በመልኩ መለየት አቃተኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ የዓይን ማዝ ነው አለ። ባሌ ሁሴን ግን በጭነት መኪና አሳፍሮ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ በመብራት አየኝ።

"የዓይን ማዝ አይደለም። ኬራታይተስ ይባላል፤ ኮርኒያ የሚባለው የዓይንዎ ፊት ቆስሏል። ድሮ የሚያቃጥል ነገር ነክቶት ያውቃል?"

ያውቃል። ጣሊያን ሲመጣ ልጃገረድ ነበርኩ። ለወንድሜ ለአህመድ ስንቅ ተሸክሜ ወደ ሰሜን ዘመትኩ። አውሮፕላን መጣ። ቦምብ አልጣለም። እንደ ካፊያ ያለ ነገር ረጨብን። ቆዳችን ተላጠ። ዓይኔ ለቀናት ተከደነ። ሲገለጥልኝ አህመድ ተቀብሯል።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ሐኪሙ "መርዙ ቆይቶም ይነሳል" አለኝ።

"እንግዲያው ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ።"

"ምስክር ሳይኖር እንዴት እጽፋለሁ?"

ሦስት ሳምንት ተኛሁ። አትሮፒን ጠብታ፣ ቅባት፣ ጨለማ። ቀኙ ጠፋ። ግራው ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ።

ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ የእጄን ጣቶች፣ ቀጥሎ የሁሴንን ፊት፣ እያደር ደግሞ ከቦርከና ማዶ ያሉትን ከብቶች ለመለየት ስበቃ፣ አብሮን የዘመተውን የከብት ነጋዴ ጋሼ ተሰማን ምስክር እንዲሆነኝ ፍለጋ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ።

"ተይኝ ዘይነባ" አለኝ እየሳለ። "ሸሚዜን ሰው ፊት አውልቄ አላውቅም።"

"አንቱና እኔ ዝም ካልን አህመድ በተስቦ ሞተ ይባላል" አልኩት።

በማግስቱ ተያይዘን ደሴ ሄድን። ጀርባውን ለሐኪሙ ገለጠ። ሐኪሙ ጠባሳውን እየነካ ሁሉንም ጠየቀን፤ ከዚያ ጽፎ አነበበልን፦ "በጦርነት ጊዜ በተረጨ የመርዝ ጋዝ የደረሰ ጉዳት።"

ወረቀቱን ይዤ ፍርድ ቤት ገባሁ። ጸሐፊው "ያቃጠሏችሁ አገራቸው ገብተዋል፤ ማንን ልትከሺ ነው?" አለኝ።

"የሚከሰስ ቢጠፋም የተሠራው ይጻፍ። የወንድሜም ስም ይግባ።"

ከጠዋት እስከ ቀትር ከፊቱ አልተነሳሁም። መዘገበው።

ሐኪሙን፣ ሁሴንን፣ ከሁሉ በላይ ጋሼ ተሰማን አላህ ይስጥልኝ። እንደኔ ያ ካፊያ የነካችሁ፣ ብርሃን ከወጋችሁ ዓይናችሁን አትሹ፤ ቶሎ ታከሙ። ሐኪም ባይጠይቃችሁም የደረሰባችሁን ንገሩት፤ ሳይጽፍም አትነሱ። እኔን እስካሁን ዳኛ አልጠራኝም። በጠራኝ ቀን በአንድ ዓይኔ መንገዱን አላጣውም።