የባለ ሥጋ ቤቱ ጭን

ባለ ሥጋ ቤቱ ስለ ጡንቻ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ የራሱን ጡንቻ ሳይጨምር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቁረጫው ግንድ ፊት ሲቆም፣ አንድ ኪሎ ሊገዛ የገባ ሁሉ ትምህርት ተሸክሞ ይወጣ ነበር። «ይኸውልሽ፣ ሥጋ ማለት የክር እስር ነው። ክሩ በስስ ሽፋን ይታሰራል፤ ጫፉ ላይ ጅማት ሆኖ አጥንት ይይዛል። አቋርጠሽ ካልቆረጥሽው ጥርስሽን ነው የምትጨርሺው።» አንዷን አነጋገሩንማ ሰፈሩ በቃሉ ይዟታል፦ «ፍሌቶው ሥራ ፈት ነው፣ ለስላሳ ነው። ባቱ ግን ሲሄድ የኖረ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል።»

ይህ ሊቅ ከገዛ ደረጃው ተንሸራቶ እግሩን ሰበረና ስድስት ሳምንት በጄሶ ከረመ። ጄሶው ሲወልቅ የወጣው ጭን ከመክሳቱ የተነሣ የጎረቤት ነው ቢሉት ያምን ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ክብደቷ ከአንድ የበሬ ታፋ የማይበልጥ ወጣት፣ «አባባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጉልበትዎን ዘርግተው ጭንዎን ያጥብቁ» አለችው። እሱ ግን በሆዱ ሳቀባት። ሥጋ እኮ ሲያርፍ ነው የሚሻለው! ሁለት ቀን ተሰቅሎ ያረፈና ያላረፈ አንድ ነው እንዴ? ቤቱ ገብቶ እግሩን ትራስ ላይ አንጋለለው። ሚስቱ ስትጠይቀው «ሠርቻለሁ» ይላታል።

ሆኖም ፍርሃት ነበረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ግማሽ ቀን መቆም ካልቻለ ቢላዎቹን ለልጁ ባል ሊያስረክብ ቃል ገብቷል። አማቹ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል፣ ሥጋ በክሩ አቅጣጫ ይቆርጣል። ባለ ሥጋ ቤቱ ይህን ሲያስብ እንባው ይመጣ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ባለሙያዋ ጭኑን በሜትር ለካች። ይባስ ቀንሷል። ከወንበር ይነሡ ብትለው ተመልሶ ዘጭ አለ።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሠርተውታል?»

«አሳርፌዋለሁ» አለና ሥጋን ሰቅሎ የማሳረፍን ጥበብ አንድ በአንድ አስረዳት።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሰማችው። «አባባ፣ እርስዎ የሚሰቅሉት እኮ የሞተውን ነው። በሕይወት ያለ ጡንቻ ሥራው መሳብ ነው፤ ካልሳበ ክሩ ይሳሳል።»

አብራው ሄዳ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ተነሥታ መጣች። ጭኑን ልክ እንደ ደንበኛ በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አደረገችና «ፍሌቶ» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሲሸጠው የኖረውን ስም ለራሱ ሲሰማ ደሙ ፈላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትቆጥራለች፤ እሱ እየተራገመ ጭኑን ያጠብቃል፣ ይለቃል። «አሥር አልሞላም እንዴ?» ይላል። «ሰባት ነው፣ አታጭበርብር!» ትለዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩን ሳይደገፍ ተነሣ። ማንም እንዳላየው አረጋግጦ እንደገና ተቀመጠና ደግሞ ተነሣ።

በወሩ መጨረሻ አማቹ አዲስ ሽርጥ ታጥቆ መጣ። ባለ ሥጋ ቤቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ግንዱ ፊት ቆሞ ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓትም ቆመ። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ግን ስለ ክርና ስለ ጅማት ያስተምራል።

በምሳ ሰዓት ሚስቱ ገባች። ደንበኛው ሁሉ እያየ ከግንዱ ኋላ ዞረችና ጭኑን በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን እንደያዘ ፍርዷን ጠበቀ።

«ሦስት ሰዓት ይፈልጋል» አለች፤ ፊቷንም በነጠላዋ ሸፍና በደስታ አለቀሰች።