ከሃያ አስራ ስድስት

ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም "ቀይ ስክሪብቶ" ነው። የማላውቅ መስዬ እኖራለሁ እንጂ ስሙ ደስ ይለኛል። ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳውን አራት ቦታ ከፍዬ አራት ግሶች እጽፋለሁ፦ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክ፣ ቶክ። "አራቱንም 'መናገር' ብሎ የሚገላገል ዜሮ ያገኛል!" እላለሁ። ሴይ ከአፍ የወጣውን ቃል ይዞ ይመጣል። ቴል ያለ ሰሚ አይቆምም። ስፒክ አንዱ እየተናገረ ሌላው ቁጭ ቢልም ያስኬዳል፤ ቶክ ግን መላሽ ይፈልጋል። ይህን ስዘበዝብ ቋንቋውን ራሴ የፈጠርኩት ይመስለኛል።

ቤቴ ውስጥ ግን ከአራቱ የሚሠራልኝ ስፒክ ብቻ ነበር። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ጠመኔህን ደጅ አራግፈህ ግባ" ትለኛለች። እጄን አራግፌ እገባለሁ፤ አንደበቴን ማን ያራግፈው! ልጃችን ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ወሬዋን ስትጀምርልኝ፣ "ቆይ፣ ከመጀመሪያው በሥርዓት ተናገሪ" እላታለሁ። እንደገና ስትጀምር ደግሞ አንድ ቃል አቃናላታለሁ። እያደር ወሬዋን ይዛ በቀጥታ ወደ እናቷ መሄድ ጀመረች። እኔ ሞኙ ልጄ ጭምት ሆነች ብዬ ኮራሁ።

አደገችና እኔው ጎትጉቼ መምህርት አደረግኳት፤ ራቅ ያለ ከተማ ተመደበች። ባለፈው ወር ደብዳቤ ላከችልኝ፤ ሁለት ገጽ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የምሆነውን አጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚታረም ደብተር ተቆልሎ ስለነበር ደብዳቤውን እዚያው ላይ ዘረጋሁት፤ እጄም እንደ ልማዱ ቀዩን ስክሪብቶ አነሳ። አስራ አንድ ስህተት አገኘሁ። ቴል ማለት ሲገባት ሴይ ብላለች፤ የእኔ ልጅ! መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ዘላለች፤ ቦታውን ከበብኩት። ከግርጌው "16/20፣ በርቺ" ብዬ ፈረምኩና በማግስቱ በፖስታ መለስኩላት።

ከፖስታ ቤት ስመለስ ባለቤቴ "ልጄ ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስህተቶቿን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ያለችውን ግን አላውቅም። አርሜው ነበር እንጂ አላነበብኩትም። ይህን ስነግራት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ለአንተ ስትጽፍ እኮ የመጀመሪያዋ ነው" ብቻ አለች።

ሳምንት ሙሉ ደወልኩ፤ አታነሳም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ክፍል ውስጥ እንኳ ማረም አስጠላኝ። በስምንተኛው ቀን አነሳች።

"ደረሰኝ" አለች። "አስራ ስድስት።"

"ልጄ፣ ምን ብለሽ ነበር? እስቲ አንብቢልኝ።"

"ያንተን ላንብብ ወይስ የኔን?" አለችኝ።

"ያንቺን።"

ከነስህተቱ አነበበችው። ክፍል ስትገባ ድምፅዋ እንደሚጠፋ፣ ተሳስታ እንዳትገኝ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምትፈራ፣ ሥራውን እንደተወች ጽፋለች። በቋንቋችን ስትነግረኝ ስለማልሰማት፣ በምሰማው ቋንቋ ልትሞክር ነበር። የሳተችው ግስ ጋ ስትደርስ ምላሴን በላኝ፤ ነከስኩት። የመጨረሻዋን መስመር ቀስ ብላ አነበበች፦ ቤት ብመጣ ትቀበለኛለህ።

"እዚህ ጋ በቀይ ከብበሃል" አለችኝ። "መልሱን ግን አልጻፍክም፣ አባዬ።"

"ነይ" አልኳት። ይቅርታም ልጠይቃት፣ ሌላም ብዙ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ያ ሰሌዳ ሙሉ ግስ የት እንደገባ እንጃ፣ ድምፄ ጠፋ።

"አባዬ? አለህ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ፤ በስልክ! ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"አለ ልጄ" አለቻት። "ዛሬ ዝም ብሎ እያዳመጠሽ ነው።"