ጉድጓዱን አጥፋው ተባልኩ

«ይሄን ጉድጓድ ዛሬውኑ አጥፋው!» አሉኝ አንድ የኤግዚቢሽን ኃላፊ፣ የኮምፒውተሬን ስክሪን በጣታቸው እየነኩ።

ነገ ሶዶ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ላቀርበው የሠራሁት ጌም ነው። ተጫዋቹ ባጃጅ እየነዳ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰው ያደርሳል፤ መንገዱን ከነጉድጓዱ ከእውነተኛው ነው የቀዳሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ በዚሁ መንገድ ነው የመጡት።»

«ቢሆንም እንግዶች ማየት ያለባቸው ልማቱን ነው። ካላጠፋኸው አታቀርብም።»

(እውነተኛውንም በአንድ ቀን ድፈኑት ቢሉ ደስ ባለኝ!)

ቤት ገብቼ ደፈንኩት። ባጃጇ ሰተት ብላ አለፈች። እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ግቢውን ዞሬ ተመለስኩና ጉድጓዱን መልሼ ቆፈርኩት።

ደውዬ «እንዳለ ካልሆነ ይቅርብኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይቅርብህ» ብለው ዘጉት።

ይኸው ቀረብኝ። እናንተስ በዓይናችሁ ያያችሁትን አጥፉ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን አደረጋችሁ?