ፓስታው ለምን ቢጫ ሆነ

እህቴ ሆስፒታል በተኛች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና አንድ ትእዛዝ ሰጠችኝ።

«እማዬን ውሰድና ምግብ አብላት። በሻይና በዳቦ ነው እኮ የምትኖረው። ያ ቦሌ ያለው ፓስታ ቤት፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የሄድኩበት፣ እዚያ ውሰዳት።» ትንሽ ዐረፍ አለችና ጨመረች፦ «ደግሞ ቲቸር፣ እንደ ተማሪዎችህ ሌክቸር እንዳትሰጣት!»

ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ፊቷ አብጦ ስለነበር ሳቋ የሚታየው ዓይኗ ላይ ብቻ ነበር።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሆስፒታልም ሥራዬ ይኸው ሆኖ ነበር። ሐኪሞቹ ተናግረው ሲወጡ እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን አሉ?» ትለኛለች። ወረቀት አወጣና ኩላሊት እሥልላታለሁ፤ ደሙ በየት እንደሚገባ፣ ማሽኑ ምኑን እንደሚያጣራ በቀስት አሳያታለሁ። መጥፎውንም አልደብቃትም ነበር። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከጸሎት መጽሐፏ መሐል ታስገባቸዋለች።

ጊዜው ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ፍልሰታ ገብቷል። እናቴ ድሮም ጾም ታጠብቃለች፤ የዚያ ዓመቱ ግን ሌላ ነበር። ጾሙ በሚገባበት ዋዜማ፣ ቡልቡላ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ፣ የማርያም ሥዕል ፊት ቆማ ስትሳል ሰምቻታለሁ። «አሥራ አምስቱንም ቀን አንዲት ነገር ሳላጎድል እጾማለሁ፤ አንቺ ልጄን ማሪልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ለእህቴ ወተት የቀዳችበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጥባው እንኳ ሻይዋን የምትጠጣው በሌላ ብርጭቆ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን በሥርዓት አቀድኩት። የምንሄደው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ምግቡ ፓስታ ነው፤ ፓስታ ደግሞ በእኛም በሰውም ቤት የጾም ምግብ ነው። ከሾላ ገበያ በፓኬት ይገዛል፣ ዱቄትና ውሃ ነው፣ በቲማቲም ሱጎ ይበላል። ሰው የሚጠይቀው ስለ ሱጎው እንጂ ስለ ፓስታው አይደለም። ለጥንቃቄ ግን ስልክ ደወልኩ።

«የጾም አላችሁ?»

«አለን፤ ሱጎው በዘይት ነው።»

ቅቤ? የለውም። አይብ? ካላዘዙ አይጨመርም። ወተት? ኧረ በፍጹም። ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ሦስት ትክክለኛ መልስ አገኘሁና ስልኩን ዘጋሁ።

ቤቱ አንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ነው። ወጥ ቤቱን ከመመገቢያው የሚለየው መስታወት ብቻ ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ በቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ላይ ፓስታው እንደ ፈትል ተሰቅሎ ይታያል። እናቴ የረጠበ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ተቀመጠች። አጠገባችን ያሉት ወጣቶች ሳህናቸውን ከላይ፣ ከጎን፣ እንደገና ከላይ ፎቶ ያነሣሉ።

«ምግቡን ፎቶ የሚያነሡት ይጠፋብናል ብለው ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አስተናጋጇ መጣች። «እማማ፣ ምን ላምጣልዎት?»

«ልጄን ጠይቂው፣ እሱ ነው የሚያውቀው።»

የጾም መሆኑን ደግሜ አረጋግጬ አዘዝኩ። ሲመጣ እናቴ አማተበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች፤ የእህቴን ክርስትና ስም ስትጠራ ሰማሁ። ከዚያ በሹካው ትንሽ ከታገለች በኋላ ማንኪያ አስመጣች።

«በእንጀራ ቢሆን እኮ እስካሁን ጨርሼው ነበር» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች። «ቢጫነቱ ግን! ምን ገብቶበት ነው?»

ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። «የስንዴው ነገር ነው እማዬ» አልኳት። «ይሄ እንደ ዳቦው ስንዴ አይደለም። ጠንካራ ስንዴ የሚባል ዓይነት አለ፤ ፍሬው ሲሰበር ውስጡ ቢጫ ነው። ለፓስታ የሚመረጠው እሱ ነው። ተፈጥሮው ነው።»

«ተፈጥሮው ከሆነ ጥሩ» አለችና ጎረሰች።

በላች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትበላ አላየኋትም። «ይለሰልሳል፣ ጥርስም አይፈልግ» እያለች፣ ሱጎውን በዳቦ እየጠረገች በላች። ለእህቴ የምነግራት ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ሳህኗ ግማሽ ሲደርስ፣ ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሠራተኛ አዲስ ሊጥ ሊያቦካ መጣ። እናቴ ስላልዞረች እኔ እያየሁ እነግራት ጀመር።

«እንዴት እንደሚሠሩት ልንገርሽ። ዱቄቱን ጠረጴዛው ላይ እንደ ተራራ ከመረው። አሁን መሐሉን በጣቱ እየከፈተ ነው። ጉድጓድ ሆነ። አሁን ደግሞ…»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የእንቁላል ትሪ አወጣ። አንዱን በጠርዙ መታና ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

«አሁን ደግሞ ምን?» አለች እናቴ፣ ማንኪያዋን እንደያዘች።

«ውሃ» አልኳት። «ውሃ ጨመረበት።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ለራሴ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ማጥፋት አልፈለግሁም። የቀረውን ግን ላስተርፍ ሞከርኩ። «ይብቃሽ እማዬ፣ ቀዝቅዟል፣ ሌላ ነገር እናዝዝ» አልኳት።

«ተወኝ እስቲ። ዛሬ ገና እህል አፌ ገባ።»

ተውኳት። ጨረሰችው።

እሷ እጇን ልትታጠብ ስትነሣ አስተናጋጇን ጠራሁና እንቁላል የሌለበት ፓስታ እንዳላቸው ጠየቅኋት። «እዚሁ የምንሠራው ፓስታ ሁሉም እንቁላል አለው» አለች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ውይ፣ የጾም ሲሉኝ ሱጎውን መስሎኝ… እማማ ጾመኛ ነበሩ እንዴ? ልንገራቸው?»

«አይ፣ ተይው» አልኳት።

ማታ ሊሆን ሲል ሆስፒታል ስንመለስ እህቴ «በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ጠግቤ!» አለች እናቴ። እህቴ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ጾሙ በተፈታ ማግስት ጠዋት፣ እህቴ ዐረፈች።

ድንኳኑ ውስጥ እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር። ጎረቤትን፣ ዘመድን፣ በመጨረሻም ንስሐ አባታችንን። «ምን አጎደልኩ አባ? ምኑን ነው ያጎደልኩት?»

«ምንም አላጎደልሽም። የእሱ ፈቃድ ነው።»

«ቆጥሬ እኮ ነው የጾምኩት። አንድም አላጎደልኩም።»

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። እንቁላል ኩላሊት እንደማይገድል አውቃለሁ። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለሆነ ብቻ በእሱ ምክንያት ሆነ ማለት እንዳልሆነ በየዓመቱ ለልጆች አስተምራለሁ። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ኩላሊት አልነበረም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ነገርኳት። ወጥ ቤት ምስር እየለቀመች ነበር። እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል አስረዳኋት፤ የስልኩን፣ የቢጫውን ስንዴ፣ የሰውዬውን፣ የትሪውን። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ስትነግረኝ አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ያህል ቀርቶኝ ነበር?»

«ግማሽ።»

እንድትቆጣ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። «ሳላውቅ የበላሁትማ ምን አለበት» አለች ቀስ ብላ። «አባ ዘንድ ሄጄ እነግራቸው ነበር። ስግደት ይሰጡኝ ነበር፣ ቀን ይጨምሩብኝ ነበር፣ ይስተካከል ነበር። ስንት ቀን ነበረን?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ቀን» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሐኪሞቹ ያሉትንስ? ከሱም የተውከው ነበር?»

«የለም እማዬ! እሱን ሁሉንም ነግሬሻለሁ።»

እውነቴን ነበር። እሷ ግን ያየችኝ፣ እኔ «ደብተሬን ቤት ረሳሁ» የሚለኝን ተማሪ በማይበት ዓይን ነው። ተነሥታ ቦርሳዋን አመጣች፣ ከጸሎት መጽሐፏ መሐል የሣልኩላትን ኩላሊቶች አንድ በአንድ አወጣችና ከምስሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። «አብሬሽ ልምጣ» ብላት «ቁጭ በል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም ነው። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ስወጣ ትመርቀኛለች። ባለፈው ሳምንት የብሎካችን ኮሚቴ ውሃ እንደሚቋረጥ የሚገልጽ፣ ዓይኗ የማይለየው ደቃቅ ማስታወቂያ በየበሩ ሥር ሲያስገባ፣ እኔ አስቀድሜ ያነበብኩትን ወረቀት ይዛ በአጠገቤ አለፈችና ፎቅ ላይ ካለችው ከጎረቤታችን ልጅ ዘንድ ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር «ምን ይላል?» ስትል ከደረጃው ሰማኋት። ልጅቷ ቸኩላ ማክሰኞ የሚለውን ሐሙስ ብላ አነበበችላት።

ሰኞ ዕለት ጄሪካኖቹን ሞልቼ ወጥ ቤት ደረደርኳቸው። ለምን እንደሞላኋቸው አልጠየቀችኝም።