ከላይ የሚመጣ እጅ

ልጄ በስልኳ ቪዲዮ እያየች «አባዬ፣ ከላይ አትያዛት! ከሥር ደግፋት» አለችኝ። ከአዲስ አበባ ያስመጣቻት ጀርቢል፣ ጠጉራም ጅራት ያላት አሸዋ መሳይ አይጥ፣ ከመስታወት ሣጥኗ ውስጥ በጥርጣሬ ታየኛለች። እኔም በጥርጣሬ አየኋት። ከዘሮቿ ጋር ድሮም የተዋወቅነው እንዲሁ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬ እየጫነ ደብረ ብርሃን የሚወጣው የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ሰይድ፣ ለእህቴ ለአልማዝ እንዲህ ያለች የቆላ አይጥ በቅል ይዞላት መጣ። እናቴ ስጦታውን አየችና «ዛሬ አይጥ በነፃ ከሰጠን፣ ለሚቀጥለው ገበያ ድመት ሊሸጥልን ነው» አለች። ጋሽ ሰይድ እየሳቀ «ወላሂ እትዬ፣ ይቺ ጨዋ ናት» ቢላትም አላመነችውም። ፍርዷ አጭር ነበር፦ አንድ ሰው ከነከሰች ለጎረቤት ድመት ትሰጣለች።

አልማዝ አይጧን ትታ እኛን መግራት ያዘች። ሽንኩርት የሸተተ ጣት ምግብ ይመስላታል ብላ በሳሙና አስታጠበችን። ቆሎ የያዘ መዳፋችንን የገብስ ጭድ በተነጠፈበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አስዘርግታ ዝም አሰኘችን። «ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ ጭልፊት ነው» ትለን ነበር። ተንበርክኬ ስጠብቅ ብርዱ ጉልበቴን ያደነዝዘዋል፤ ኋላ እነዚያ ቀጫጭን ጥፍሮች መዳፌ ላይ ሲያርፉ ትንፋሼን እውጣለሁ። ቆሎዋን ወስዳ ትሄዳለች። ፍቅር ነው አላልኩም።

አንድ እሑድ አክስቴ ዘነበች መጣች፤ ጥላዋን የማታምን ሴት። «ይቺማ የለየላት አይጥ ናት፣ ምን ታሞኙኛላችሁ!» ብላ፣ አልማዝ «ኧረ እትዬ፣ ጅራቷን!» እያለች፣ በጅራቷ አንጠለጠለቻት። የጅራቷ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ልጣጭ ተገፎ አክስቴ እጅ ላይ ቀረ፤ አይጧ አክስቴ ቀሚስ ላይ ወደቀች። አክስቴ ጮኸች። አልማዝ አይጧን በሁለት እጇ አፍሳ እያለቀሰች እናታችንን ታያለች። እናቴ የአክስቴን ጣቶች አንድ በአንድ እያገላበጠች መረመረች። ጭረት እንኳ አልነበረም።

«ነካሿስ አንቺው ነሽ» አለቻት። የድመቱ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ጅራቷ ደርቆ አጠረ፤ እሷ ግን ቤታችን አረጀች። አክስቴን ባየች ቁጥር ጭዱ ውስጥ ትቀበር ነበር።

እኛ ሁሉንም እንጠረጥር ነበር፦ ሰጪውን፣ ስጦታውን፣ አክስታችንን። ልጄ ስሙን እንኳ የማታውቀውን የቪዲዮ ሰውዬ ታምናለች። ደግነቱ ሰውዬው የሚናገረው አልማዝ ያለችውን ነው።

ተንበርክኬ የሱፍ ፍሬ የያዘ መዳፌን ሣጥኑ ውስጥ ዘረጋሁ። ጉልበቴ አሁን ያለ ብርድም ይደነዝዛል። ጀርቢሏ ቆይታ ቆይታ መጣች፣ አሸተተችኝ፣ የሱፍ ፍሬዋን ወስዳ ሄደች።

«ወደደችህ!» ብላ ልጄ አጨበጨበች።

እኔ እንደ እናቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላበጥኩ።